ግድግዳ ላይ፣ አሸንዳ ውስጥ፣ ደረጃ ስር፦ ያልጠበቃችሁት ቦታ የበቀለ ተክል ምን ይደረግ?

የደረጃው ስንጥቅ ውስጥ ቲማቲም በቅሏል። አሸንዳው ውስጥ ሳር ይታያል። አፈር የሚባል ነገር ከሌለበት ከግድግዳው ወገብ ላይ ደግሞ ቅጠለ ሰፊ ችግኝ ብቅ ብላለች። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ወይ እጁን ሰዶ ይነቅለዋል፣ ወይ ፎቶ አንስቶት ያልፋል። እናንተ ግን አትቸኩሉ። መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይሄ ተክል ውሃ ከየት አገኘ?

ዘር ለመብቀል እርጥበት፣ አየርና የሚስማማው ሙቀት ይበቃዋል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አፈር እንኳን የግድ አይደለም፤ ስንቁን ውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው። አየርና ሙቀት የትም አለ። ውሃ ግን ሁሉም ቦታ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ችግኝ ግድግዳ ላይ ወራት ቆይቶ ለምልሞ ካያችሁት፣ እናንተ ሳታውቁት እዚያ ቦታ ላይ ውሃ እየደረሰ ነው። ምናልባት ዝናብ ነው፣ ምናልባት ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ነው፣ ምናልባትም ግድግዳው ውስጥ ያለ ቱቦ እያፈሰሰ ነው። ተክሉን ነቅላችሁ ብትጥሉት ምልክቱ ይጠፋል፣ ችግሩ ግን እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ውሃውን ፈልጉ። ከዚያ ተክሉ ይቆይ፣ ይዛወር ወይስ ይወገድ የሚለውን ወስኑ።

እንዴት እዚያ ደረሰ?

ይሄን ማወቅ ይጠቅማል። የመጣበትን መንገድ ካወቃችሁ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነም ትገምታላችሁ።

ንፋስ አንዱ ነው። ጸጉር ያላቸው ቀላል ዘሮች ሩቅ ይሄዳሉ። ፈርን የሚባለው አበባ የማያወጣ ቅጠላም ተክል ደግሞ ከነጭራሹ ዘር የለውም፤ ከቅጠሉ ጀርባ የሚረግፈው ስፖር የሚባል የደቀቀ መራቢያ ነው፣ አቧራ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። ወፎችም አሉ። ፍሬ በልተው አሸንዳ ጫፍ ወይም የግድግዳ አናት ላይ ያርፋሉ፣ ዘሩንም ከነማዳበሪያው ትተውት ይሄዳሉ። የሾላና የዋርካ ዘመድ የሆኑ ዛፎች ግድግዳና ጣሪያ ጥግ ላይ የሚበቅሉት ባብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ዘራቸው በጣም ትንሽ ስለሆነ ጠባብ ስንጥቅ ይበቃዋል።

ጉንዳኖችም እጃቸው አለበት። አንዳንድ ዘሮች ጫፋቸው ላይ ቅባት ያለው ትንሽ ቁራጭ አላቸው። ጉንዳን ለዚያች ቅባት ሲል ዘሩን ጎትቶ ወደ ጎጆው ይወስዳል፣ ቅባቱን በልቶ ዘሩን ይጥለዋል። ጎጆው ከንጣፍ ድንጋይ ስር ከሆነ፣ ዝናብ ሲመጣ ስንጥቁን ተከትለው የተደረደሩ ችግኞች ታያላችሁ።

እኛም ሳናውቀው እንዘራለን። የቲማቲም ዘር የሰው ሆድ ውስጥ አልፎ እንኳን ሳይሞት ይወጣል፤ የፍሳሽ ቆሻሻ ባለበት አካባቢ ቲማቲም ሲበቅል የሚታየው ለዚህ ነው። ዕቃ የታጠበበት ውሃ፣ የጫማ ሶል፣ ለግንባታ የመጣ አሸዋ፣ ሁሉም ዘር ይዘው ይመጣሉ።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን ራሱን ግድግዳ ውስጥ የሚዘራው ነው። ሲምባላሪያ የምትባል ሐምራዊ አበባ ያላት ትንሽ ተሳቢ ተክል አለች፤ አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ ትወዳለች። አበባዋ ሲፈካ ነፍሳት እንዲያዩት ወደ ብርሃን ይዞራል። ከተዳቀለች በኋላ ግን አበባውን የያዘው አገዳ አቅጣጫውን ይቀይራል። ከብርሃን እየሸሸ ወደ ጨለማው ያድግና ዘር የያዘውን ፍሬ ስንጥቅ ውስጥ ይወሽቀዋል። ንፋስም ወፍም አያስፈልጋትም።

ድሮም እዚያው ተቀብሮ የነበረ ዘርም አለ። ዊልያም ቢል የሚባል አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1879 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን ውስጥ የአረም ዘሮችን ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ በ20 ጠርሙሶች ቀበረ፤ ተከታዮቹ በየጊዜው አንድ አንድ እያወጡ ይዘሩታል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ጠርሙስ ውስጥ፣ ከ140 ዓመት በላይ ቆይተውም፣ የበቀሉ ዘሮች ነበሩ። ስለዚህ "ባለፈው ዓመት ነቅዬው ነበር እኮ" ብላችሁ አትገረሙ። አፈሩ ውስጥ ተራውን የሚጠብቅ ሞልቷል።

ለምን ስንጥቅ ይመቸዋል ካላችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ዝናብ አብዛኛው አይሰርግም፣ እየፈሰሰ ሄዶ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ አንዲት ቀጭን ስንጥቅ የሰፊ ንጣፍ ውሃ ትሰበስባለች። ድንጋዩ ስር የገባው ውሃ ደግሞ ቶሎ አይተንም። የሚሻማ ጎረቤት የለም። አቧራ፣ የረገፈ ቅጠልና የወፍ ኩስ እየተጠራቀመ አፈር ይሆናል። ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ሪቻርድ ዲኪን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ሮም ያለው የኮሎሲየም ፍርስራሽ ላይ የበቀሉትን ዕፅዋት መዝግቦ በ1855 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ዝርዝሩ 420 ዓይነት ደርሷል። አንድ ሕንፃ ላይ!

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ላስተካክል። "ሥሩ ሲሚንቶውን ሰነጠቀው" ይባላል። ባብዛኛው ግን ስንጥቁ ቀድሞ ነበር። የሥር ጫፍ ለስላሳ ነው፣ ክፍት ቦታ እየፈለገ ነው የሚሄደው። አንዴ ከገባ በኋላ ግን እየወፈረ ይሄዳል፣ ዓመት በዓመት ስንጥቁን ያሰፋዋል። ተክሉ ትንሽ ሳለ የት ጋ ችግር እንዳለ ያሳያችኋል። ሲያድግ ራሱ ችግር ይሆናል።

ውሃውን ፈልጉ

ቀላሉን አስቀድሙ። ለተወሰኑ ቀናት ዝናብ ሳይጥል ሲቀር ሄዳችሁ ተክሉ የበቀለበትን ቦታ በእጃችሁ ንኩት። አካባቢው ሁሉ ደርቆ እዚያች ቦታ ብቻ እርጥብ ከሆነች ውሃው በቀጥታ ከዝናብ አይደለም። ቀና ብላችሁ እዩ፤ አሸንዳው የሚፈስበት መጋጠሚያ፣ የአየር ማቀዝቀዣ ማንጠባጠቢያ፣ የውሃ ታንከር ትርፍ መውጫ ከላይ ሊኖር ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ተገላገላችሁ፤ ቀጭን ቱቦ ቀጥላችሁ ውሃውን ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ነው።

ከላይ ምንም ከሌለ ቱቦ ጠርጥሩ። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ፣ የልብስ ማጠቢያውንም የሽንት ቤቱንም አትርሱ፣ ከዚያ የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። አንድ ሁለት ሰዓት ማንም ውሃ ሳይነካ ይቆይ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ቆጣሪው የፍሳሽ ቱቦን አያሳይም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ባይንቀሳቀስም ተክሉ ከመታጠቢያ ቤት ጀርባ ከሆነ ፍሳሹንም አስፈትሹ።

ቤት ውስጥ ግድግዳው ከረጠበ ሌላ ሙከራ አለ። አንድ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ለጥፉና አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር አሽጉት። አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። ውሃው ላስቲኩ ከግድግዳው ጋር በሚነካካበት በኩል ከተጠራቀመ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ እየመጣ ነው። በእናንተ በኩል ላዩ ላይ ካላበ ግን የክፍሉ አየር ነው የረጠበው፤ መስኮት መክፈትና እንፋሎቱን ማስወጣት ነው መፍትሔው።

የተክሉ ዓይነትም ይናገራል። አብዛኛው ፈርን የማያቋርጥ እርጥበት ይፈልጋል፤ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ወይም ውጪ ደረቅ መሆን በሚገባው ግድግዳ ላይ ፈርን ካያችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ ፈትሹ። እንጉዳይ ተክል አይደለም፣ ግን እዚህ መነሳት አለበት፤ ከበር መቃን፣ ከወለል እንጨት ወይም ከጣሪያ ጥግ ከወጣ እንጨቱ እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል። በስክሩድራይቨር ጫፍ እንጨቱን ጫን በሉት። ዝም ብሎ ከገባ እንጨቱ ሄዷል፣ ባለሙያ ጥሩ። የአበባ ማሰሮ አፈር ላይ የወጣ እንጉዳይ ግን ምንም አያመጣም፤ ሕፃን ወይም የቤት እንስሳ እንዳይበላው አንሱት፣ ውሃ ማጠጣቱንም ቀነስ አድርጉ።

የሚቆየው የቱ ነው?

እኔ ብዙውን እተወዋለሁ። ግንዱ ለስላሳ የሆነ፣ ሥሩ ጥልቅ ያልሆነ፣ የንጣፍ ድንጋይ መሃል ላይ ወይም የአጥር ድንጋይ ላይ የበቀለ ነገር ቤት አያፈርስም። እንዲያውም ነፍሳት ይመገቡበታል፣ ዓይን ያሳርፋል፣ ባዶ ስንጥቅ ቢሆን ኖሮ ሌላ የባሰ አረም የሚይዘውን ቦታም ይዟል። ድንጋይ የሚያለብሰው አረንጓዴው ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም፣ ላዩ ላይ ብቻ ነው የሚይዘው። ጥላ ያለበት ድንጋይ ላይ ይቆይ። ደረጃ ላይ ግን ያንሸራትታልና በጠንካራ ብሩሽ ፈግፍጉት። ከፍተኛ ግፊት ባለው የውሃ ማጠቢያ አሮጌ ግድግዳ ላይ አትሞክሩ፤ ሞሱን ብቻ ሳይሆን የድንጋዩን ማያያዣም ይዞት ይሄዳል።

እንዲቆይ ከወሰናችሁ ትንሽ እርዱት። ስንጥቁ ውስጥ አሸዋና ብስባሽ ቀላቅላችሁ በቀጭን ማንኪያ ጠቅጠቅ አድርጉለት። ሥር እስኪሰድ ድረስ ምሽት ላይ ቀስ እያላችሁ አጠጡት። እንዳይባዛ ከፈለጋችሁ አበባው ሲጠወልግ፣ ዘር ሳይዝ ቁረጡት።

ግድግዳ ላይ የሚሳቡ ሐረጎች ለየት ይላሉ። ግድግዳው ደህና ከሆነ፣ ስንጥቅና የተቦረቦረ መጋጠሚያ ከሌለው፣ ሐረጉ ብዙም አይጎዳውም። ስንጥቅ ካለው ግን ውስጡ ገብቶ ይወፍራል። የሆነው ሆኖ ከመስኮት፣ ከአሸንዳና ከጣሪያ ዝቅ አድርጋችሁ በየጊዜው ቁረጡት።

አሁን ስለመብላት። የደጃችሁ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ያው ቲማቲምና ቃሪያ ነው፣ ግን ምን እየጠጣ እንዳደገ እዩ። ከፍሳሽ ቦይ አጠገብ፣ የመኪና ዘይት ከሚንጠባጠብበት ወይም አሮጌ ቀለም ከሚረግፍበት ግድግዳ ስር የበቀለ አይበላ። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖረው ይችላል፣ እርሳስ ደግሞ አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በተለይ ቅጠላቸው ወይም ሥራቸው የሚበላ ተክሎች ላይ ጥንቃቄው ይበርታ፣ አፈሩ እነሱ ላይ ይለጠፋልና።

ያላወቃችሁትን ተክል ደግሞ በፍጹም አትቅመሱ። ጉሎና አስተናግር ሰው ሳይዘራቸው ጥጋጥግና ቆሻሻ መድፊያ ላይ መብቀል ይወዳሉ። የጉሎ ፍሬ ሪሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለው። አስተናግር ደግሞ ከሥሩ እስከ ዘሩ መርዛማ ነው። ሕፃናት ያሉበት ቤት ከሆነ እነዚህ ሁለቱ ላይ ውይይት የለም፣ ይወገዱ። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ ተክልም በጓንት ይነካ፤ የቁልቋል ዘመዶች ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል።

ማዛወር፦ ችግኙን ሳትገድሉ

ይሄ ክፍል ላይ ጊዜ ልውሰድ፣ ብዙ ችግኝ የሚሞተው እዚህ ስለሆነ።

ሰዓቱን ምረጡ። ጠዋት በማለዳ ወይም አመሻሽ፣ ከተቻለም ደመናማ ቀን። ከማውጣታችሁ በፊት በነበረው ምሽት ስንጥቁን በደንብ አጠጡት፤ እርጥብ ሥር ይለጠጣል፣ ደረቅ ሥር ይበጠሳል። መጠኑም ወሳኝ ነው። ዘሩ ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች የዘሩ ስንቅ ናቸው፣ የተክሉን መልክ አይመስሉም። ከእነሱ በኋላ የሚመጡት ናቸው እውነተኛ ቅጠሎች። ከ2 እስከ 4 እውነተኛ ቅጠል ሲኖረው ለማዛወር ይመቻል። ከዚያ በላይ ባደገ ቁጥር ሥሩ ድንጋዩ ስር ይርቃል፣ እናንተም ግማሹን ብቻ ነው የምታወጡት።

መሣሪያው ተራ ነው፦ ሹል ያልሆነ ቀጭን ቢላ፣ የድሮ ሹካ፣ ወይም እጀታው የጠነከረ ማንኪያ። ችግኙን አትሳቡት። ቢላውን በስንጥቁ በኩል ከችግኙ ራቅ አድርጋችሁ አስገቡና አፈሩን ከስር ወደ ላይ ገፋ ገፋ አድርጉ፣ በሌላኛውም በኩል እንዲሁ። የንጣፍ ድንጋዩ የማይንቀሳቀስ ካልሆነ አንዱን ድንጋይ ማንሳት ከሁሉም ይሻላል፤ ሥሩን ሙሉውን ታገኙታላችሁ። ስትይዙት ቅጠሉን ያዙ፣ ግንዱን አትጫኑ። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፣ ግንዱ ከተጨፈለቀ ግን አለቀ።

ማሰሮው ከስሩ ውሃ ማፍሰሻ ይኑረው። አፈሩ ለስላሳና የረጠበ ይሁን፤ ፍግ አታብዙበት፣ ገና የቆሰለ ሥር ነው። ቲማቲም ከሆነ ከግንዱም ሥር ስለሚያወጣ እስከ ታችኞቹ ቅጠሎች ድረስ ቅበሩት። ሌላውን ግን ድሮ ከነበረበት ጥልቀት አታሳልፉት። ፈርን ከሆነ ቅጠሎቹ የሚወጡበት አናት ከአፈር በላይ ይቅር፣ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ፓፓያ ሥሩ ሲነካ አይወድም፣ ስለዚህ ከነአፈሩ በትንሽነቱ ካልሆነ አትሞክሩት።

ከተከላችሁ በኋላ አጠጡትና ጥላ ውስጥ ለጥቂት ቀናት አስቀምጡት። ይጠወልጋል። አትደንግጡ፣ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ተጨማሪ ውሃ አትጨምሩበት፤ ችግሩ የውሃ እጥረት ሳይሆን ውሃውን የሚስበው ሥር መቀነሱ ነው። ቅጠል ከበዛበት ሁለት ሦስቱን ቁረጡለት። መሃሉ ላይ አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ሥር ይዟል ማለት ነው፣ ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ አውጡት።

ሥሩ ድንጋይ ስር ተቀርቅሮ አልወጣ ካለስ? ቅርንጫፍ ውሰዱ። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጤነኛ ቅርንጫፍ፣ ከአንጓው ትንሽ ዝቅ ብላችሁ በንጹህ ቢላ ቁረጡ። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሱ። ውሃ ውስጥ ወይም እርጥብ አሸዋ ውስጥ ትከሉት፣ ብርሃን ያለበት ግን ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃውን በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀይሩ። ሁሉም ተክል በዚህ መንገድ አይሆንም። ናና፣ በሶብላ፣ ስኳር ድንች ግን ብዙም ሳይቆዩ ሥር ያወጣሉ።

ቁም ሳጥን ውስጥ የበቀለውንም አንርሳ። ጨለማ ውስጥ የተረሳ ድንች ረጅም ነጭ ቡቃያ ያወጣል፣ ብርሃን የነካው ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ መሆኑ ሶላኒን የተባለው መርዛማ ንጥረ ነገር እንደጨመረ ይጠቁማል፤ ቡቃያው ውስጥም አለ። መቀቀል አያጠፋውም። ድንቹ ገና ጠንካራ ከሆነና ትንሽ ቡቃያ ብቻ ካለው ቡቃያውንና አረንጓዴውን ክፍል በጥልቀት ቆርጣችሁ ማውጣት ይበቃል። ከጨማደደ ወይም በብዛት ከተቀየረ ለመብል አይሆንም፣ ለመትከል ግን ይሆናል፦ ስሩ የተበሳ ባልዲ ውስጥ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ቅበሩት፣ ቅጠሉ ብቅ ባለ ቁጥር አፈር ጨምሩበት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበቅሉ ግን መርዝ የለባቸውም፣ ቡቃያቸውም ይበላል።

መወገድ ያለበት

እዚህ ላይ አልለሳለስም። ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ የቤት መሠረትና የፍሳሽ መስመር ላይ የበቀለ እንጨትማ ተክል ግንዱ እርሳስ ሳያህል ይውጣ። አሁን አምስት ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግንበኛ ያስጠራል። በተለይ የሾላና የዋርካ ዘመዶች ሥራቸው በግድግዳው ውስጥ እየሰረገ ወደ መሬት ይወርዳል።

በጣም ትንሽ ከሆነ ከዝናብ በኋላ ሥሩን ተከትላችሁ በቀጭን መሣሪያ አውጡት። ሥሩ ግድግዳው ውስጥ ከገባ ግን አትጎትቱ፤ ድንጋይና ማያያዣ ይዞ ይወጣል። ከግድግዳው እኩል አድርጋችሁ ቁረጡት። ያቆጠቁጣል። ባቆጠቆጠ ቁጥር ቅጠሉ ሳይሰፋ ደግማችሁ ቁረጡ። ሥሩ ያጠራቀመውን ስንቅ እየጨረሰ ይሄዳል፣ ቅጠል ስላላገኘ አይተካውም። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ይሠራል። የአረም ማጥፊያ ኬሚካል የሚጠቀም ሰው ደግሞ መለያው ላይ የተጻፈውን አንብቦ፣ ወዲያው እንደቆረጠ፣ ግድግዳው ላይ የቀረው ጉቶ ላይ ብቻ በብሩሽ ይቀባ። ቅጠል ላይ መርጨት ለንፋስና ለጎረቤት ተክል መስጠት ነው።

በየቤቱ ስለሚሞከሩት ነገሮችም ልናገር። ጨው አታድርጉ፤ አፈሩን ያበላሻል፣ ሲሚንቶ ውስጥ ያለውን ብረትም ያዝገዋል። የወጥ ቤት ኮምጣጤ ወደ 5 በመቶ አሲድ ነው፣ ቅጠሉን ያቃጥላል፣ ሥሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል፣ በዚያ ላይ ሲሚንቶና ኖራ ይበላል። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል ጭራሽ የተከለከለ ነው፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የፈላ ውሃ የንጣፍ ስንጥቅ ውስጥ ላሉ ትንንሽ አረሞች ጥሩ ነው። መሰላል ላይ ቆማችሁ ግን በፍጹም፣ የፕላስቲክ ቱቦ ላይም አይሆንም።

አሸንዳ ሲጸዳ የመሰላሉ አቀማመጥ ይታይ። ለእያንዳንዱ 4 ሜትር ከፍታ የመሰላሉ እግር ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፣ ከታች የሚይዝላችሁ ሰውም ይኑር። የደረቀ የወፍ ኩስ አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ መጀመሪያ አርጥቡት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ። ከዚያ አፈሩን ከነተክሉ በእጅ አካፋ አውጡ። አሸንዳ ተክል ሲያበቅል ውሃው ይታገዳል፣ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ክብደቱም አሸንዳውን ከማያያዣው ያላቅቀዋል፤ ሞልቶ የሚፈሰውም ወደ ግድግዳው ይወርዳል። ካጸዳችሁ በኋላ አንድ ባልዲ ውሃ ከአንዱ ጫፍ አፍስሱ። ሳይጠራቀም ከወረደ ጥሩ። ያወጣችሁትን ጥቁር አፈር አትጣሉት፣ የበሰበሰ ቅጠል ነው፣ የአበባ መደብ ላይ በትኑት።

የፍሳሽ መስመርም እንዲሁ ነው። ደህና የተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሥር አይገባም። የሚገባው መጋጠሚያው ከላላ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ ነው፣ የሚስበውም እርጥበቱ ነው። ውሃ ቀስ እያለ ከወረደ፣ ከተንቦቀቦቀ፣ ዛፍም በአቅራቢያው ካለ ይሄን ጠርጥሩ። ሥሩን አስቆርጣችሁ መጋጠሚያውን ካላስጠገናችሁ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለት ቦታ ላይ ግን እጃችሁን አታስገቡ። የኤሌክትሪክ ቆጣሪና ሶኬት አካባቢ የገባ ሐረግ ካለ መብራቱ ይጥፋና ባለሙያ ያውጣው። ቤቱ አጠገብ ያደገ ትልቅ ዛፍ ደግሞ፣ በተለይ አፈሩ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ሸክላማ አፈር ከሆነ፣ መሐንዲስ ሳይጠየቅ አይቆረጥ። ዛፉ ከአፈሩ ይስበው የነበረው ውሃ እዚያው ሲቀር አፈሩ ሊያብጥና መሠረቱን ሊያነሳው ይችላል።

ተክሉ ከወጣ በኋላ ክፍተቱን ድፈኑ፣ ግን ውሃው ከየት እንደመጣ ሳታስተካክሉ አትድፈኑ። የላላውን ማያያዣ ጠረግ አድርጋችሁ ቢያንስ የመጋጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ቆፍሩ፤ ላዩን ብቻ የተለቀለቀ ቶሎ ይረግፋል። አሮጌ ግድግዳ በኖራ የተሠራ ከሆነ በኖራ ይደፈን። ሲሚንቶ ለእሱ በጣም ይጠነክርበታል፣ እርጥበቱንም ውስጥ ያስቀርበታል፣ ከዚያ የሚፈረካከሰው ድንጋዩ ወይም ጡቡ ይሆናል። አዲስ የሲሚንቶ ግድግዳ ከሆነ በሲሚንቶ። ከደፈናችሁ በኋላ ኖራም ይሁን ሲሚንቶ ለተወሰኑ ቀናት በቀጥታ ፀሐይ እንዳይመታው ሸፍኑትና ውሃ እረጩት፣ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ቀጣዩ ዝናብ ካለፈ ሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ሄዳችሁ እዩት። አዲስ ቡቃያ ካለ ያኔ በጥፍር ይቆረጣል።